ካፋ ጫካ ውስጥ ያየኋት አረንጓዴና ቀይ ወፍ ምንድን ናት?

ሚሚ_ፊልድ፦
ሰላም ናችሁ የወፍ ሰዎች! እዚህ ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ካልጠየቅኩ እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም። ለስራ ቦንጋ ሄጄ ነበር፣ የጫካ ቡና የሚለቅሙ ገበሬዎችን መጠይቅ እያስሞላን። ማንኪራ አካባቢ ወዳለው ጫካ በጠዋት በእግር እየገባን ሳለ አንዲት ትልቅዬ አረንጓዴ ወፍ ከመንገዱ በላይ ካንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ተሻገረች። ክንፏን ስትዘረጋው በቃ ደም ነው! እንደዛ አይነት ቀይ ወፍ ላይ አይቼ አላውቅም። ከዛ ዛፉ ላይ አረፈችና ቀዩ ጥፍት አለ፣ ቅርንጫፉን ይዛ እየሮጠች ቅጠል ውስጥ ገባች፣ አለቀ። ሹፌራችን "በቀቀን ናት" አለ፣ እኔ ግን በቀቀን እንደዛ ስትሮጥ አላውቅም።

በነጋታው ደግሞ ጫካው ውስጥ፣ ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ስር ያለበት ቦታ ቁጭ ብለን እያረፍን የዋኖስ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፣ ሁ-ሁ... ሁ-ሁ... እያለ የሚደጋግም፣ ወፍራም ግን ቀስ ያለ። ከየት እንደሚመጣ ሊገባኝ አልቻለም። ቀና ስል ከራሴ ብዙም ሳይርቅ ሐረግ ላይ አረንጓዴዋ ወፍ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ዝም። ጭራዋ ረዘም ያለ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተንጠለጠለ። ስልኬን ፈልጌ ቦርሳ በርብሬ አውጥቼ ፎቶ እስካነሳ ድረስ (ፎቶውን አትጠይቁኝ፣ ቅጠል ነው የሚመስለው) ንቅንቅ አላለችም። ከዛ ድንገት ብር ስትል ሆዷ ቀይ መሰለኝ፣ ወይ ሮዝ።

ማን ትባላለች? ደግሞ እንዴት ነው በደንብ የምትታየው? ተመልሼ መሄዴ ስለማይቀር የጓደኛዬን ባይኖኩላር ልዋስ አስቤያለሁ።

ዳኒ_ሽሮሜዳ፦
ቱራኮ ናት። ነጭ ጉንጯ ቱራኮ፣ ሶሪት የሚሏትም አሉ። እንጦጦም መናገሻ ሱባም አለችልሽ፣ ለሷ ብለሽ ካፋ ድረስ መሄድ አያስፈልግሽም ሃሃ። ክንፏ ቀይ፣ ቅርንጫፍ ላይ ሯጭ፣ ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች?

ቤቲ_ላብ፦
ዳኒ ሁለተኛውን አንቀጽ ዘለልከው መሰለኝ። ቱራኮ እኮ ቁጭ ብላ ፎቶ የምትጠብቅ ወፍ አይደለችም። እኛ ሰፈር ጽድ ላይ የምትመጣዋ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ደቂቃ አትሞላም፣ ስትዘል ስትሮጥ ነው የምትውለው፣ ድምጿም እንደዛ ለስላሳ ሳይሆን የሚያስካካ ሸካራ ነገር ነው። ሁ-ሁ የሚለው ነገር ለኔ አልገባኝም።

ዳኒ_ሽሮሜዳ፦
ሁ-ሁ ያለው ዋኖስ ሊሆን ይችላላ። ጫካ ውስጥ ያለ ድምፅ ሁሉ የምታያት ወፍ ድምፅ ነው ያለው ማነው?

የጊምቦ_ልጅ፦
ሚሚ እንኳን ወደኛ አገር በደህና መጣሽ። እኔ እዛው አካባቢ እንግዳ ይዤ ጫካ የምገባ ነኝ፣ የሆነች ነገር ጠርጥሬያለሁ ግን ከመናገሬ በፊት ትንሽ ልጠይቅሽ። ሁለተኛዋ ስትበር ክንፏ ቀይ ነበረው ወይስ ቀዩ ሆዷ ላይ ብቻ ነው? ጭራዋን ከስር አይተሽዋል? ራሷ ላይ ቁንጮ አለ ወይስ ክብ ነው? ደረቷስ አረንጓዴ ነው ወይስ ሌላ? ድምፁ ሲሰማ ደግሞ የምትጮኸው እሷው ራሷ ነበረች? ያላየሽውን ከራስሽ አትሙዪልኝ፣ አላየሁም ማለትም መልስ ነው።

ሚሚ_ፊልድ፦
እሺ ላስታውስ... ክንፏ ላይ ቀይ አልነበረም፣ በዚህ እርግጠኛ ነኝ ምክንያቱም ስትነሳ የጠበቅኩት የትናንቱን ቀይ ነበር፣ ስላላየሁት ነው ግራ የገባኝ። ቀዩ ከሆዷ ታች በኩል ነው፣ ሮዝ ብለው ይሻላል። ጭራዋ ከስር ነጭ አለው አዎ። ቁንጮ የላትም፣ ክብ ራስ፣ አንገት ጭራሽ የላትም ነው የምትመስለው፣ ኩርምት ብላ። አንዴ ራሷን ብቻ ቀስ አድርጋ ዞር አድርጋ ነበር፣ ያኔ ጉሮሮዋና ደረቷ ቡናማ ነገር መሆኑን አየሁ። ድምፁ... አሁን ሳስበው እሷ ስትጮህ አላየሁም። ከቀኝ በኩል ከገደሉ የሚመጣ ይመስል ነበር፣ እሷ ያለችው ደግሞ ከፊቴ። ቆይ፣ ሁለት ወፍ ናቸው ልትለኝ ነው?

የጊምቦ_ልጅ፦
ሁለት ሳይሆን ሶስት። የመጀመሪያዋ ዳኒ እንዳለው ነጭ ጉንጯ ቱራኮ ናት፣ በሷ ክርክር የለም። በነጋታው ሐረግ ላይ ያየሻት ናሪና ትሮጎን ትባላለች፣ ሴቷ። ገደል በኩል የሰማሽው ደግሞ ባሏ ነው ባይ ነኝ፣ ሁ-ሁ የሚለው ባብዛኛው ወንዱ ነው።

ሁለቱም አረንጓዴና ቀይ ስለሆኑ ነው ሰው የሚያደባልቃቸው። አንቺ ግን ቀለሙን ለጊዜው ተይውና ቀዩ የት ነው ያለው ብለሽ ጠይቂ። ቱራኮ ቀዩ ያለው ትልልቆቹ የክንፍ ላባዎች ላይ ነው፣ ክንፏን አጥፋ ስትቀመጥ አረንጓዴው ይሸፍነዋል፣ ለዛ ነው "አረፈችና ጥፍት አለ" ያልሽው፣ እሱን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ነው ያወቅኳት። ትሮጎን ክንፏ ላይ ምንም ቀይ የለም፣ ቀዩ ሆድ ላይ ነው። ይህቺ ደግሞ ተንኮለኛ ናት፣ ሰው ሲመጣ ጀርባዋን ነው የምትሰጠው። አረንጓዴው ጀርባ ከቅጠሉ ጋር አንድ ይሆናል፣ ቀዩ ወደ ጫካው ዞሮ ይቀራል። ከእንግዳ ጋር ሆኜ በጣት እያሳየሁ "የቱ ጋ? የቱ ጋ?" የሚሉኝ ጊዜ አለ፣ ወፏ እኮ እዛው ፊታቸው ናት።

አቀማመጧም አያምታታም። ትሮጎን ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ራሷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራ፣ ጭራዋን ቁልቁል ለቃ፣ ከዛ ብዙ ደቂቃ ዝም። ከዛ ድንገት ትወረወርና ከቅጠል ላይ አባጨጓሬ ወይ ፌንጣ ነገር ለቅማ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ታርፋለች። ትንንሽ እስስትም ትበላለች። ቱራኮ ግን ፍሬ በሊታ ናት፣ ሾላ ያፈራበት ዛፍ ካገኘሽ እዛ ጠብቂያት፣ በቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥና ስትዘል ታያታለሽ እንጂ ተጎልታ አታገኛትም። በመጠንም ቱራኮ ትበልጣለች፣ ከምንቃር እስከ ጭራ 43 ሴንቲሜትር ገደማ ናት፣ ትሮጎን ወደ 32 ነው።

ወንዱን ብታዪው ኖሮ ጉሮሮውና ደረቱም የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ነው፣ ከደረት በታች ያለው ቀይ ደግሞ የሴቷ አይነት ሮዝ አይደለም፣ ደማቅ ነው። ሴቷ ደረቷ ቡናማ፣ አንቺ እንዳልሽው። ሌላ የሚያስደስት ነገር ልንገርሽ፣ በኢትዮጵያ ያለው የትሮጎን ዝርያ ይሄ አንድ ብቻ ስለሆነ ትሮጎን መሆኗን ካረጋገጥሽ የትኛዋ ትሮጎን ብለሽ መጨነቅ የለብሽም። ኬንያና ኡጋንዳ ያሉት ጓደኞቻችን ጭራው ባለ መስመሩም ስላለባቸው ከስር አጣርተው ማየት አለባቸው፣ እኛ ተገላግለናል።

ዳኒ_ሽሮሜዳ፦
እሺ እሺ እጅ ሰጥቻለሁ፣ ግን ግማሹን አግኝቻለሁ አይደል ሃሃ። ትሮጎኗ እንጦጦ ትኖር ይሆን? ስንት ጊዜ ስወጣ አጋጥማኝ አታውቅም።

የጊምቦ_ልጅ፦
እኔ እንጦጦ አላየኋትም፣ ባህር ዛፍ አይሆናትም። ያረጀ የተፈጥሮ ዛፍ ትፈልጋለች፣ ጎጆ አትሰራም፣ የበሰበሰ ወይ የተቦረቦረ ግንድ ውስጥ ነው የምትጥለው፣ ተራ እየገቡ ሁለቱም ይታቀፋሉ። ለዛ ነው ጫካ ውስጥ የቆመ ደረቅ ዛፍ "ማገዶ ነው" ብለው ሲጥሉት የሚያበሳጨኝ። ለኛ ደረቅ ነው፣ ለሷ ቤት ነው።

ኬሚስትሪ_ቲቸር፦
የወፍ ሰው አይደለሁም ግን የቱራኮ ቀይ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። አብዛኛው ቀይ ወፍ ቀለሙን የሚያገኘው ከሚበላው ነው፣ ቱራኮ ግን ራሷ ነው የምትሰራው፣ ውስጡም መዳብ አለበት። ቱራሲን ይባላል፣ አርተር ቸርች የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1869 (በፈረንጆች) ነው ያወጣው። አልካሊ በሆነ ነገር፣ ለምሳሌ አሞኒያ ጠብ ባለበት ውሃ ቢነከር ቀለሙ ከላባው ይለቃል። አረንጓዴዋም እንደዛው የራሷ ቀለም ነው። የብዙዎቹ አረንጓዴ ወፎች አረንጓዴነት ግን ቀለም አይደለም፣ ላባው ብርሃን የሚመልስበት መንገድ ነው፣ ትሮጎኗም ከነሱ ናት፣ ስትዞር አንዴ ወርቃማ አንዴ ሰማያዊ እየሆነ የሚያብለጨልጨው ለዛ ነው። ሚሚ አንድ ቀን ጠጋ ብለሽ ካየሻት ይሄን አስተውዪ፣ ጥላ ውስጥ ጥቁር የምትመስለው ጀርባ ፀሐይ ስታገኝ ሌላ ወፍ ትሆናለች።

ቤቲ_ላብ፦
መዳብ? ወፍ ውስጥ? ዛሬ ይሄን ሳልሰማ ብውል ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር።

ሹፌሩ_ልክ_ነው፦
ለሹፌሩ የሚከራከርለት የለም እንዴ? በቀቀንም እኮ አረንጓዴ ናት፣ ቀይም አላት!

የጊምቦ_ልጅ፦
አላት፣ ሹፌሩ ጨርሶ አልሳተም ማለት ነው። እኛ ጋ በቀቀን ሲባል ሁለት አለች። ትንሿ ጥቁር ክንፏ በቀቀን አለች፣ ከጭብጥ ብዙም አትበልጥ፣ ጭራዋ አጭር ነው፣ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ አለው፣ ሲበሩ ግን ክንፋቸው ከስር ጥቁር ነው የሚመስለው፣ በቡድን ሆነው እየጮሁ ያልፋሉ። ሌላዋ ቢጫ ግንባሯ ናት፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማትገኝ፣ ከፍ ብላ እያፏጨች ትበራለች። ሁለቱም ቅርንጫፍ ላይ ሲሄዱ በምንቃራቸው እየያዙ ነው የሚራመዱት፣ አይሮጡም። ሚሚ "ስትሮጥ አላውቅም" ያለችው ትክክል ነው። ደግሞ አረንጓዴ ሆና ሆዷ ቢጫ የሆነች ካያችሁ ኤመራልድ ኩኩ ነው፣ እሱን ከዛፍ ጫፍ አውርዶ ማየት ግን የራሱ ጣጣ አለው፣ አንገት ነው የሚያስጣምመው።

የሀረና_ሽማግሌ፦
ልጆች እንዴት ናችሁ። በጡረታ ነው ያለሁት፣ ድሮ በደን ስራ ነበርኩ፣ አብዛኛውን ጊዜዬን ባሌ ሀረና ጫካ ነው ያሳለፍኩት። የጊምቦው ልጅ በሚገባ አስረድቷል፣ እኔ የምጨምረው ሁለተኛውን ጥያቄሽን ነው ሚሚ ልጄ፣ እንዴት ነው የምትታየው ያልሽውን።

ሰው ጫካ ሲገባ የሚፈልገው በዓይኑ ነው፣ ዝናብ ደን ውስጥ ግን ዓይን ብዙም አይጠቅምም፣ ቅጠል ነው ሁሉም። ጆሮ ይቀድማል። ከመሄድሽ በፊት የትሮጎኑን ድምፅ ቤትሽ ሆነሽ ደጋግመሽ ስሚው፣ ዜኖ-ካንቶ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የተቀዳ በነፃ ይገኛል፣ የልጅ ልጄ ነው ያሳየችኝ። ከዋኖስ የምትለዪው በአካሄዱ ነው፣ ዋኖስ ይወዛወዛል፣ ከፍ ዝቅ አለው፣ የትሮጎኑ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ በአንድ ልክ ይሄዳል፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይነሳና እየጠነከረ ይመጣል፣ ከዛ ይቆምና ዝም ይላል፣ ቆይቶ እንደገና። ድምፁ ከየት እንደመጣ ያሳስታል፣ ሩቅ መስሎሽ አጠገብሽ ነው። ስለዚህ ወደ ድምፁ አትሩጪ። ቁጭ በይ፣ እጅሽን ጆሮሽ ኋላ አድርገሽ ፊትሽን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙሪ፣ የሚጎላበትን አቅጣጫ ያዢ። ከዛ ወደ ላይ ጫፍ አትዪ፣ መካከለኛውን ከፍታ ነው የምትፈትሺው፣ ከቅጠሉ ጣራ በታች ያለውን ባዶ ቦታ፣ አግድም የተዘረጋ ቅርንጫፍና ሐረግ። ወፍ አትፈልጊ፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ ጭራ ፈልጊ። ሲጮህ ካገኘሽው ጉሮሮው ይነፋል፣ በያንዳንዱ ሁ ጭራው ይነቃነቃል፣ ያንን ያየ ሰው አይረሳውም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ባለው ነው፣ ከዛ ጫካው ዝም ይላል፣ ወደ አስር ሰዓት ትንሽ ይመለሳል። ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ ደግሞ አትነሺ፣ ቆዪ፣ ወፉ ሁሉ ላባውን ሊያደርቅ ብርሃን ያለበት ቦታ ይወጣል። ባይኖኩላሩ 8 በ42 የተጻፈበት ከሆነ ጥሩ ነው (8 ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው)፣ 10 በ25 ያለችው ትንሿ ከሆነች ጫካ ውስጥ ትጨልማለች፣ ከኪስ ጋር እንጂ ከጫካ ጋር አትስማማም። ጓደኛሽን ጠይቂና የትኛው እንደሆነ ንገሪን።

ሚሚ_ፊልድ፦
ጋሼ በጣም ነው የማመሰግነው፣ እንዲህ ብሎ የሚያስረዳኝ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ባይኖኩላሩ 10 በ42 ነው የሚለው፣ ይሆናል? ደግሞ መርሊን የሚባለውን አፕ አውርጄ ነበር፣ ድምፅ ያዳምጥና ስም ይሰጣል አሉኝ፣ ኔትወርክ በሌለበት ይሰራል?

የሀረና_ሽማግሌ፦
42ቱ ነው ዋናው ልጄ፣ ብርሃን የሚያስገባው እሱ ነው። 10 ሲሆን እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ክርንሽን ደረትሽ ላይ ደግፈሽ ወይ ዛፍ ተደግፈሽ ያዢው። በመጀመሪያ ወፏን በባዶ ዓይንሽ ካየሽ በኋላ ዓይንሽን ሳትነቅዪ ነው ባይኖኩላሩን የምታነሺው፣ ባይኖኩላር አድርገሽ ወፍ ፍለጋ ከገባሽ ቀኑ ይመሻል። አፕ ግን እኔን አትጠይቂኝ።

ቤቲ_ላብ፦
መርሊን ያለ ኔትወርክ ይሰራል ግን የአካባቢውን ፓክ ዋይፋይ ባለበት ቀድመሽ አውርጂ፣ ትልቅ ፋይል ነው። የሚሰጥሽን ስም ግን እንደ ጥቆማ ውሰጂው እንጂ እንደ መልስ አትውሰጂው፣ ጫካ ውስጥ ሁሉም ባንዴ ይጮሃል፣ ጉሬዛው ሲጨምርበት ደግሞ አስቢው። ስም ሲያወጣልሽ ወፏን በዓይንሽ ፈልገሽ አረጋግጪ። ቀረጻውን ግን አትሰርዢ፣ ከፎቶ የበለጠ ይጠቅማል፣ ኢበርድ የሚባለው፣ ሰው ያያቸውን ወፎች የሚመዘግብበት ድረ ገጽ ላይ ከዝርዝርሽ ጋር መጫን ይቻላል። ፎቶም ከፈለግሽ የስልክሽን ካሜራ ባይኖኩላሩ ላይ ገጥመሽ ሞክሪ፣ ይቺ ወፍ ደግሞ ስለማትንቀሳቀስ ለዚህ የተፈጠረች ናት።

ዳኒ_ሽሮሜዳ፦
ይሄን ሁሉ ከምትደክም ድምፁን በስልኳ ብትከፍትለት አይመጣም እንዴ? ስፒከር ይዘው የሚሄዱ ፈረንጆች አይቻለሁ፣ ወፉ ራሱ ነው እየበረረ የሚመጣላቸው።

ቤቲ_ላብ፦
ይመጣል ዳኒ፣ ግን ለምን እንደሚመጣ አስበኸዋል? ሌላ ወንድ ክልሌ ገባብኝ ብሎ እኮ ነው። መብላቱን ትቶ፣ እንቁላል ታቅፎ ከሆነም ትቶ ሊጣላ ነው የሚመጣው፣ የሚጣላው ደግሞ ከስልክ ጋር ነው። አንድ ሰው አንዴ ቢያደርገው ምንም አይደለም ትል ይሆናል፣ አንድ ቦታ ላይ በየሳምንቱ የሚመጣ ቱሪስት ሁሉ ሲያደርገው ግን ወፉ ወይ መስማት ያቆማል ወይ ቦታውን ይለቃል።

የጊምቦ_ልጅ፦
እኔ እዚህ ላይ መሃል ነኝ። እንግዳው ከሌላ አገር ለአንድ ወፍ ብሎ መጥቶ ሳያያት ሲመለስ እኔም አንጀቴን ይበላኛል፣ እንጀራዬም ነው። በአፌ ሁለት ሶስት ጊዜ አፏጭቼ ከመለሰ መለሰ፣ ካልመለሰ እንሄዳለን፣ ስፒከር ግን አላስከፍትም። ግንድ ቀዳዳ ሲገቡ ሲወጡ ካየሁ ደግሞ ፉጨቱም ይቀራል፣ እንግዳ ቢቆጣም ይቆጣ።

የሀረና_ሽማግሌ፦
እኔ ፉጨቱንም አልወደውም። ወፏ ባልጠራኋት ሰዓት የምታደርገውን ነው ማየት የምፈልገው። ጠርቼ ያመጣኋት ወፍ ተቆጥታ የመጣች ወፍ ናት፣ ስትበላ አላያት፣ ስታርፍ አላያት። የጊምቦው ልጅ ግን እንጀራው ነውና አልፈርድበትም፣ እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ ነበር ጫካ ውስጥ የምቀመጠው።

ዳኒ_ሽሮሜዳ፦
እሺ ጋሼ፣ ስፒከሩን መልሼ ቦርሳ ከትቻለሁ።

ሚሚ_ፊልድ፦
እኔ ሳልከፍት ነው ያየኋት እንግዲህ፣ አርፌ ቁጭ ማለቱ ይሻለኛል። የጊምቦ ልጅ፣ መቼ ብመጣ ነው የሚሻለው? ብቻዬን ጫካ መግባትስ ይቻላል? እነ ጫማ እነ ልብስ ምን ላድርግ?

የጊምቦ_ልጅ፦
ከህዳር እስከ የካቲት ያለው ይሻላል፣ መንገዱም ይደርቃል፣ ከጅማ ቦንጋ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክረምቱ እኛ ጋ ረዥም ነው፣ ወፏ ባትጠፋም ጭቃው አያስገባሽም። ህዳር ላይ ግን ቡና የሚለቅም ሰው ስለሚበዛ ጠዋት በጣም በማለዳ ካልሆነ ጫካው ጫጫታ ይሆናል፣ ጥር ላይ ብትመጪ እመርጣለሁ።

ብቻሽን አትግቢ። አውሬ ፈርቼ አይደለም፣ ጫካው ውስጥ ያለችው ቀጭን መንገድ ሁሉ አንድ ነው የምትመስለው፣ ደግሞ ጫካው ባለቤት አለው፣ ቡናውም ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎም የሰው ነው፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው አብሮሽ ካለ ማንም አይጠይቅሽም። አለባበስ ላይ ነጭና ቀይ አታድርጊ፣ ቅጠልያ ወይ ቡናማ ይሁን፣ ሲራመድ የሚንሿሿ የላስቲክ ጃኬት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ቦቲ ጫማ አድርጊ፣ ሱሪሽን ካልሲ ውስጥ ክተቺው፣ ጉንዳን መንገድ ላይ ስትቆሚ ወፍ ማየት ቀርቶ ስምሽንም ትረሻለሽ። ከመቀመጥሽ በፊት መሬቱን እዪ። አንድ ነገር ግን፣ የጉንዳን ሰልፍ ካገኘሽ ራቅ ብለሽ ቁሚና ጠብቂ፣ ጉንዳኑ የሚያስበረግገውን ነፍሳት ለመልቀም የሚከታተሉ ወፎች አሉ፣ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ያጣሽውን እዛ ታገኛለሽ።

ሌላ፣ ትልቅ የክንፍ ድምፅ ከላይ ሹው ሹው ሲል ከሰማሽ አትደንግጪ፣ ጉንጯ ብርማ የሆነው ትልቁ ሆርንቢል ነው፣ ምንቃሩ ላይ ትልቅ ቆብ ያለው። እሱ የሚያርፍበት ሾላ ላይ ቱራኮም አትጠፋም፣ ሁለቱም ለፍሬው ነው የሚመጡት። ቱራኮዋን እዛ በደንብ ታያታለሽ፣ ከዓይኗ ፊት ያለችውን ነጭ ነጥብና ከጆሮዋ ወደ አንገቷ የሚወርደውን ነጭ መስመር ፈልጊ፣ በዓይኗ ዙሪያም ቀይ ቀለበት አለ።

ላንጋኖ_ዳር፦
ዘግይቼ ነው የገባሁት ግን ካፋ መሄድ ለማይችል ሰው፣ ላንጋኖ ሀይቅ ምስራቅ ዳርቻ ያለው ጫካ ውስጥም ትሮጎን አለች፣ ቱራኮም እንደዛው። ከአዲስ አበባ በግማሽ ቀን ይደረሳል። ጫካው ትንሽ ስለሆነ እንዲያውም ማግኘቱ ይቀላል፣ ድምፁን አንዴ ከሰማሽ የምትፈትሺው ቦታ ጠባብ ነው።

ዳኒ_ሽሮሜዳ፦
ላንጋኖ?? ዋና ልዋኝ ስንት ጊዜ ተመላልሼ ጫካውን ዞር ብዬ አላየሁትም። ቅዳሜ የሚሄድ አለ? መኪና አለኝ፣ ሶስት ሰው እይዛለሁ፣ ነዳጅ ተካፍለን።

ቤቲ_ላብ፦
እኔ አለሁ፣ ስፒከሩን ቤት ትተህ ከመጣህ።